አማርኛን በስልክና በኮምፒውተር መጻፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን፤ የቸገረዎት አንድ ነገር ብቻ ከሆነ በቀጥታ ወደዚያው ይውረዱ።

ስልኬ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ እንዴት ላውጣ?

አንድሮይድ ስልክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጂቦርድ (የጎግል ኪቦርድ) አብሮ ይመጣል። አጭሩ መንገድ ይህ ነው፦ ቴሌግራም ወይም ሌላ የሚጻፍበት ቦታ ከፍተው ኪቦርዱ ብቅ ሲል የሴቲንግ ምልክቱን (ጥርስ ያላትን ክብ) ይንኩ፤ "ላንጉጅስ" የሚለውን፣ ቀጥሎ "አድ ኪቦርድ" የሚለውን ይክፈቱና አማርኛን ይምረጡ። ከዚያ በኋላ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለመዞር ስፔሱን ጫን አድርገው ይያዙ፣ ወይም የሉል ምልክቷን ይንኩ።

አይፎን ላይ ሴቲንግስ፣ ጄኔራል፣ ኪቦርድ፣ ኪቦርድስ፣ አድ ኒው ኪቦርድ እያሉ ይግቡ። አማርኛን ከዝርዝሩ ካጡት ኪማን የሚባለውን ነፃ አፕ ከአፕ ስቶር ያውርዱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ አፑን መጫን ብቻውን አይበቃም። ወደዚያው "አድ ኒው ኪቦርድ" ገጽ ተመልሰው ኪማንን ካልጨመሩት ሌላ አፕ ውስጥ አይወጣልዎትም። ኪቦርድ የሚጽፉትን ሁሉ፣ የይለፍ ቃል ጭምር፣ የሚያይ ነገር ስለሆነ ሠሪው ያልታወቀ አፕ አይጫኑ።

ኮምፒውተር ላይስ?

ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላይ ሴቲንግስ ውስጥ ታይም ኤንድ ላንጉጅ፣ ከዚያ ላንጉጅ ይግቡና አማርኛን ይጨምሩ። ሲጨምሩ ዊንዶውሱን ራሱን በአማርኛ ለማድረግ የሚጠይቅ ሳጥን ካዩ ምልክቱን ያንሱት፤ አለዚያ ሜኑው ሁሉ ይለወጥና መመለሻው ይጠፋብዎታል። ቋንቋ ለመቀያየር የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስን አብረው ይጫኑ።

ቶሎ ቶሎ ለሚጽፍ ሰው ግን ከዊንዶውሱ ይልቅ ኪማንን እንመክራለን። ነፃ ነው፤ ዊንዶውስም ማክም ሊኑክስም ላይ ይሠራል፤ አንዱ ላይ የለመዱት እጅ ሌላው ላይም ያገለግልዎታል። ኪማን ከጫኑ በኋላ የግዕዝ ፍሮንቲር ፋውንዴሽንን የአማርኛ ኪቦርድ ፈልገው ያክሉበት።

የምፈልገውን ፊደል ለማግኘት የትኛውን ቁልፍ ልጫን?

በድምፅ የሚሠሩት ኪቦርዶች ተነባቢውንና አናባቢውን ተራ በተራ ይቀበላሉ። ኤልን ብቻዋን ቢጫኑ ል ትወጣለች። ከኤል አስከትለው ኢ (ትንሿን) ሲጫኑ ለ፣ ዩ ሲጫኑ ሉ፣ አይ ሲጫኑ ሊ፣ ኤ ሲጫኑ ላ፣ ሺፍት ይዘው ኢ ሲጫኑ ሌ፣ ኦ ሲጫኑ ሎ ይሆናል። አንዴ ለን ከቻሉ ሌላውም በዚሁ ይሄዳል።

እጅ የሚያሰናክሉት በእንግሊዝኛ የሌሉት ድምፆች ናቸው። ጠ፣ ጰ፣ ጸ እና ኘ በሺፍት ይገኛሉ፦ ትልቁ ቲ፣ ትልቁ ፒ፣ ትልቁ ኤስ፣ ትልቁ ኤን። ቸ ትንሿ ሲ፣ ጨ ትልቋ ሲ፣ ሸ ደግሞ ኤክስ ላይ ናት፤ ቀ ኪው ላይ ትገኛለች። ሐ ትልቁ ኤች ነው። ሠ የምትገኘው ኤስን ሁለቴ በመጫን፣ ፀ ደግሞ ትልቁን ኤስ ሁለቴ በመጫን ነው። ሁሉን በአንድ ቀን ለማጥናት አይታገሉ፤ የራስዎን ስም፣ የእናትዎንና የሠፈርዎን ስም ደጋግመው ይጻፉ። ሳምንት ሳይሞላ ጣት ይለምደዋል።

ኤስኤምኤስ ለምንድን ነው በአማርኛ ሲሆን ቶሎ የሚያልቀው?

አንድ የጽሑፍ መልእክት በላቲን 160 ፊደል ይይዛል። ውስጡ አንዲት የግዕዝ ፊደል ከገባች ግን መልእክቱ በሙሉ ሌላ ዓይነት አጻጻፍ ይያዝና ጣሪያው ወደ 70 ይወርዳል። ከ70 ካለፈ ይከፈልና እያንዳንዱ ክፍል 67 ፊደል ብቻ ይይዛል፤ ሒሳቡም በየክፍሉ ነው። በላቲን የጻፉት ረጅም መልእክት ውስጥ መጨረሻ ላይ አንድ "አሜን" ቢጨምሩ አንዱ መልእክት ሦስት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ቢሆንም ኪሳራው የሚመስለውን ያህል አይደለም። "ሰላም" በፊደላችን ሦስት ቦታ ይይዛል፤ በላቲን አምስት። የእኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ 70 ቦታ በላቲን መቶ ከምናምን የሚፈልገውን ወሬ ይችላል። ቴሌግራምና ዋትሳፕ ላይ ደግሞ ይህ ገደብ ከነአካቴው የለም፤ እዚያ በላቲን ለመጻፍ የኤስኤምኤስ ዋጋ ምክንያት አይሆንም።

በላቲን ፊደል አማርኛ ብጽፍ ምን ችግር አለው? ሁሉም ይረዳኛል።

ጓደኛዎ ይረዳዎታል፤ የሚያወሩትን ያውቃላ። ችግሩ ከወሬው ውጪ ያለ ሰው ሲያነበው ነው። ኤም፣ ኢ፣ ቲ፣ ኤ ተብሎ የተጻፈውን እንውሰድ። መጣ ነው? መታ ነው? ወይስ ሜታ? "አባትህ መጣ" እና "አባትህ መታ" የተለያየ ወሬ ነው። ላቲን ተንና ጠን፣ ከንና ቀን፣ ቸንና ጨን አይለይልንም፤ እያንዳንዱ ሰውም በመሰለው ይጽፋል።

ከዚህ የሚብሰው ግን ፍለጋና ትርጉም ላይ የሚደርሰው ነው። ጎግል ትርጉም አማርኛን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ የሚማረውም ሰው በፊደሉ ከጻፈው ነገር ነው። በላቲን የተጻፈው የሺህ ሰው አስተያየት፣ የምግብ አሠራርና የዘፈን ግጥም ለማሽኑ አማርኛ አይመስለውም። ውጭ አገር የሚያድጉ ልጆችም ፊደል የሚያዩት በአብዛኛው ስልክ ላይ ነው። አክስታቸው በላቲን ከጻፈችላቸው "ሀ" ብለው የሚጀምሩበት ቦታ ያጣሉ። ይህ እኛን በእውነት ያሳስበናል።

ሰው የላከልኝ ጽሑፍ ተበላሽቶ ይመጣል። ምን ሆኖ ነው?

በመጀመሪያ ብልሽቱ ምን እንደሚመስል ያስተውሉ፤ መድኃኒቱ በዚያ ይለያያል። ባዶ ሳጥን ሳጥን ከሆነ ጽሑፉ ደህና ነው፤ መሣሪያዎ ፊደሉን የሚያሳይበት ፎንት አጥቶ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤልን በነፃ አውርደው ቢጭኑ ይስተካከላል። የጥያቄ ምልክት ድርድር ከሆነ ነገሩ አልቋል። ፋይሉ ግዕዝን በማይችል አጻጻፍ ሴቭ ሲደረግ ፊደሎቹ ተጥለው ምልክት ብቻ ቀርቷል፤ ከላኪው እንደገና ከማስላክ ሌላ መፍትሔ የለውም።

ሦስተኛው ዓይነት የላቲን ምልክት ዝብርቅ ነው፤ ይህም ሁለት መልክ አለው። ከላይዋ ሰያፍ ጭረት ያለባት የላቲን ኤ በየሦስት ምልክቱ እየተደጋገመች ከመጣች ጽሑፉ ሙሉ ነው፤ በዩቲኤፍ-8 (ግዕዝን በሚችለው የተለመደ አጻጻፍ) የተቀመጠውን ፕሮግራሙ በሌላ አንብቦት ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያዋ ባይት ለሁሉም ፊደል አንድ ናት፤ ያቺ ኤ እየተመላለሰች የምትታየው ለዚህ ነው። ፋይሉን ሲከፍቱ ዩቲኤፍ-8ን ይምረጡ፣ ይስተካከላል። ዝብርቁ እንዲህ ያለ ሥርዓት ከሌለው ደግሞ በድሮ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ነው፤ ስለእሱ ቀጥሎ አለ።

የመሥሪያ ቤት ሰነድ ቤቴ ስከፍተው ለምን ወደ ላቲን ምልክት ይለወጣል?

ከዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቦታ ከሚሰጠው የኮምፒውተር ስምምነት) በፊት አንድ ፎንት የሚይዘው 256 ቦታ ነበር፤ ከዚያ ላይም የተወሰነው ለኮምፒውተሩ ለራሱ የተያዘ ነው። የእኛ ዋና ፊደል 33 ጊዜ 7፣ 231 ነው። 20ዎቹን የግዕዝ ቁጥሮች ሲጨምሩ 251 ይደርሳል። እነ ሏን፣ ሟን፣ ቷንና ሥርዓተ ነጥቡን ሲያስገቡ ይሞላና ይተርፋል። ስለዚህ የዘመኑ ሠሪዎች ፊደሉን በላቲኑ ቦታ ላይ አስቀመጡት፤ አንዳንዱም ለሁለትና ለሦስት ፎንት ከፈለው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲን መሆኑን ብቻ ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የላቲኑ ገመና ይወጣል። ሥራው የሚናቅ አልነበረም፤ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ሆነው ለፊደላችን ሶፍትዌር የጻፉት እነ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ የነበራቸው ቦታ ያ ብቻ ነበር። ዩኒኮድ ለግዕዝ ፊደል የራሱን 384 ቦታ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው።

ሰነድዎ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጽሑፉን ቀድተው ቴሌግራም ላይ ይለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከቀጠለ ዩኒኮድ ነው፤ ወደ ዝብርቅ ከተለወጠ የድሮው ነው። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ሁለቱንም ዓይነት ፎንት ስላወጡ የፕሮግራሙ ስም ብቻ አይነግርዎትም። ፎንቱ በስሙ ላይ "ዩኒኮድ" የሚል ካለው ደህና ነው።

ለመቀየር በፎንቱ ስም የሚለይ መቀየሪያ ያስፈልጋል፤ የአንዱ ፎንት ሠንጠረዥ ለሌላው አይሆንም። ሳይቀይሩ በፊት ሰነዱን በሌላ ስም ሴቭ አድርገው ያስቀምጡ። ከተቀየረ በኋላ ሦስት ቦታ ይፈትሹ፦ ቁጥሮቹን፣ ሥርዓተ ነጥቡን፣ በመሐል የገቡትን የእንግሊዝኛ ቃላት። እንግሊዝኛው በአማርኛው ፎንት ውስጥ ተጽፎ ከነበረ አብሮ ተለውጦ ትርጉም የሌለው ፊደል ይሆናል።

አራት ነጥብን በሁለት ኮለን ብጽፈው ልዩነት አለው?

ለዓይን የለውም፣ ለኮምፒውተሩ ግን አለው። "።" አንድ ምልክት ነው፤ ዓረፍተ ነገር መዝጊያ ሆኖ ይታወቃል። ሁለት ኮለን ግን ሁለት ምልክት ነው፤ መስመር መጨረሻ ላይ ሲደርስ ተነጥሎ አንዱ ወደታች ሊወርድ ይችላል፤ ጽሑፉን የሚተረጉም ወይም ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራምም የት እንደሚቆም ይጠፋዋል። ሁለት "፡" አስጠግቶ መጻፍም ያው ስሕተት ነው፤ ያኛው ደግሞ ጭራሽ ለዓይን አይለይም። ኪማን ላይ ኮለንን ሁለቴ ሲጫኑ ራሱ ወደ "።" ይለውጠዋል። ስልክ ላይ ከነጥቡ ቁልፍ አካባቢ ወይም ምልክቶች ገጽ ውስጥ ያገኙታል።

እየተናገርኩ ስልኩ ቢጽፍልኝስ?

ይቻላል። ጎግል አማርኛን በድምፅ መጻፊያው ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ጂቦርድ ላይ አማርኛውን ኪቦርድ ካወጡ በኋላ ማይክሮፎኗን ይንኩ። ዐረፍተ ነገሩን ሳይቆራርጡ፣ እንደ ወትሮው ፍጥነት ይናገሩ፤ ቃል በቃል እየነጠሉ ሲናገሩ ይብስበታል። ከመላክዎ በፊት የሰው ስም፣ የቦታ ስምና ሥርዓተ ነጥቡን ይመልከቱ። ማየት ለሚከብዳቸው ትልልቅ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ነገር አላየንም፤ አንድ ከሰዓት ተቀምጠው ቢያሳዩዋቸው የሚጠቅማቸው ለዓመታት ነው።

እንደጻፍኩት እርግጠኛ ነኝ፤ ስፈልገው ግን አላገኘውም። ለምን?

ሞክሼ ፊደላት ናቸው። እኛ ሀን፣ ሐንና ኀን አንድ አድርገን እናነባለን፤ ለኮምፒውተሩ ግን የሀና የመ ያህል የተራራቁ ናቸው። "ፀሐይ"ን እንይ። መጀመሪያዋ ፀ ወይም ጸ ትሆናለች። ሁለተኛዋ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ልትሆን ትችላለች። ሁለት ጊዜ ስድስት፣ 12 አጻጻፍ። "ኃይለ ሥላሴ" ሲሆን ለኃ ስድስት፣ ለሥ ሁለት፣ ለሴ ሁለት አማራጭ አለ፤ 24 ይመጣል። አንዱ አለያይቶ፣ ሌላው ገጥሞ ስለሚጽፈው 48 ይሆናል። ኮንትሮል ኤፍ ተጭነው በአንዱ ቢፈልጉ የቀሩት 47 አይታዩዎትም።

መፍትሔው እንደሥራው ነው። ለራስዎ ሲፈልጉ አጠራጣሪውን ፊደል ትተው እርግጠኛ የሆኑበትን የቃሉን ክፍል ብቻ ይጻፉ፤ ለ"ዓለማየሁ" ፈንታ "ለማየ" ቢሉ ዓም ሆነ አ፣ ሁም ሆነ ሑ ያገኘዋል። የስም ዝርዝር የሚይዝ ቢሮ፣ ክሊኒክ ወይም ዕድር ከሆነ ደግሞ ሁለት ዓምድ ይያዝ፦ በአንዱ ስሙ ባለቤቱ እንደሚጽፈው፣ በሌላው ሞክሼዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ተለውጠው (ሐ፣ ኀ ወደ ሀ፤ ሠ ወደ ሰ፤ ዐ ወደ አ፤ ፀ ወደ ጸ)። መፈለጊያው ሁለተኛው ዓምድ ነው። የመጀመሪያውን ዓምድ ደምስሰው በሁለተኛው ብቻ አይያዙ፤ የሰው ስም የባለቤቱ ነው።

ዩቲዩብ ላይ ዘፈን ወይም ትምህርት የሚጭኑ ሰዎችም ይህንኑ ይጠይቃሉ። ርዕሱ እስከ 100 ምልክት ይይዛል። በፊደላችን ይጀምሩ፤ ኪቦርድ ያላወጡት፣ በተለይ ውጭ ያሉት፣ በላቲን ስለሚፈልጉ ከጎኑ ላቲኑን ያስከትሉ። ሌላውን የፊደል አማራጭ መግለጫው ውስጥ አንዴ ማስገባት ይበቃል።

ኤክሴል የአማርኛ ዝርዝሬን ለምን ያበላሽብኛል?

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ሲኤስቪ ፋይል (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ ተራ የጽሑፍ ዝርዝር) በድርብ ጠቅታ መክፈት ነው። ፋይሉን ትተው ባዶ ኤክሴል ይክፈቱ፤ ዳታ፣ ከዚያ ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ ይበሉና "ፋይል ኦሪጅን" በሚለው ቦታ 65001 ዩቲኤፍ-8ን ይምረጡ። ሴቭ ሲያደርጉም ተራውን ሲኤስቪ ትተው "ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8" የሚለውን ይውሰዱ፤ ተራውን ከመረጡ ከላይ ያልነው የጥያቄ ምልክት ድርድር ይደርስብዎታል።

በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ ዓምድ አይደመርም። ፲፱፻፺፱ ለእኛ 1999 ነው፤ ለኤክሴል ግን አምስት ፊደል ያለው ጽሑፍ ነው። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፣ የአሐድና የአሥር ቤትም የለውም። ለምዕራፍና ለገጽ ያምራል፤ ለሒሳብ ግን በ1፣ 2፣ 3 ይጻፉ።

ለፖስተርና ለቪዲዮ የትኛው ፎንት ይሻላል?

ለቪዲዮ ጽሑፍና ለስልክ ስክሪን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ለሚታተም ንባብ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም የብራና እጅ ጽሑፍ ለዛ ያለው አቢሲኒካ ኤስአይኤል። ሦስቱም በነፃ ፈቃድ የተለቀቁ ስለሆኑ ለንግድ ሥራም ይሆናሉ። ዊንዶውስ ላይ ኒያላና ኢብሪማ አሉ።

አቢሲኒካን አጉልተው ለመጻፍ የ"ቦልድ" ቁልፍን አይጫኑ። ፎንቱ የራሱ ወፍራም መልክ ስለሌለው ፕሮግራሙ ዙሪያውን በቀለም ያወፍረዋል፤ ያኔ የጭና የጵ ቀዳዳ ይደፈንና ከሩቅ ጥቁር ነጥብ ይሆናሉ። ማወፈር ካስፈለገ ብዙ ውፍረት ያለውን ኖቶን ይጠቀሙ። ለቪዲዮ የትርጉም ጽሑፍ ፋይል ሲሠሩ ደግሞ ኖትፓድ ላይ "ሴቭ አዝ" ብለው ከታች ኢንኮዲንግ የሚለው ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ይመልከቱ።

ከፒዲኤፍ የቀዳሁት አማርኛ ዝብርቅ ይሆናል። ማውጣት አይቻልም?

ፒዲኤፉ በድሮ ፎንት ከተሠራ ዓይንዎ አማርኛ ያያል፣ ከሥሩ ያለው ግን ላቲን ነው። ገጹን ወደ ምስል ለውጠው ከምስል ላይ በሚያነብ ፕሮግራም ማስነበብ ይሻላል። ቴሰራክት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል፤ ስካን የተደረገ ገጽ ከሆነ 300 ዲፒአይ ያድርጉት፣ ገጹም ዘንበል ያላለ ይሁን። ተመሳሳይ ፊደሎችን ያምታታል፤ በተለይ ከ እና ኩን የመሰሉ፣ በትንሽ ቅጥያ ብቻ የሚለያዩ ጥንዶችን እያነበቡ ያርሙ።

ጉራጊኛ ስጽፍ አንዳንዱ ፊደል ሳጥን የሚሆነው ለምንድን ነው?

ዩኒኮድ በ1999 የያዘው የአማርኛን፣ የትግርኛንና የግዕዝን ነው። ሌሎቹ ቋንቋዎቻችን የሚያስፈልጓቸው ፊደሎች በየጊዜው ነው የተጨመሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2005፣ በ2010፣ ለጉራጊኛ አጻጻፍ የሚያስፈልጉት አዳዲሶቹ ደግሞ በ2021 በወጣው 14.0 እትም። ከዚያ በፊት የተሠራ ስልክ እነዚህን አያውቃቸውም። ኮምፒውተር ላይ አዲሱን ፎንት መጫን ይበቃል። አንድሮይድ ላይ ግን ፎንት መጨመር ለብዙ ሰው ቀላል ስላልሆነ ሲስተሙን አፕዴት ማድረግ ነው መንገዱ። ስልካቸው ለማይታደስ ሰዎች የሚልኩት ከሆነ ጽሑፉን ኮምፒውተር ላይ አዘጋጅተው ፎንቱ አብሮ በገባበት ፒዲኤፍ ይላኩላቸው፤ እንዲያ ሲሆን የድሮ ስልክም ላይ ሙሉውን ያነቡታል።